ሕንዶች እየተደበደቡ ለምን እጃቸውን አላነሡም? ለተማሪዎቼ የሚሆን መልስ እፈልጋለሁ

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። የታሪክ መምህር ነኝ። የሕንድን የነጻነት ትግል ሳስተምር አንድ ተማሪ ተነሥቶ፣ «የእኛ አባቶች ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በዱር በገደሉ ጠላትን ተፋልመዋል፤ ሕንዶቹ ዝም ብለው የተደበደቡት ፈርተው አይደለም ወይ?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ደገፈው። እነዚህ ልጆች የአርበኛ ታሪክ እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ «ሰላማዊ ትግል ነው» ብሎ ማለፍ አያጠግባቸውም። ደግሞስ ስንት በደል እያለ ጋንዲ ለምን ጨውን መረጡ? የምታውቁ አስረዱኝ።

የአንኮበር ልጅ፦
መምህር፣ ከጨው ቢጀምሩላቸው ይሻላል። የእኛ አገር ሰው የጨውን ዋጋ ያውቃል። ከአሳል ሐይቅ በአፋር ግመሎች ተጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ይራገፍ ነበር፤ አሞሌም ገንዘብ ነበር። አያቴ አሞሌ ሲሰበር የሚረግፈውን ፍርፋሪ ለቅመው በጨርቅ ይቋጥሩ ነበር። እንግዲህ ባሕር ዳር የተወለደ ድኻ ፀሐይ ያደረቀችውን ጨው ቢያነሣ ወንጀለኛ የሚያደርግ ሕግ ያስቡ! እንግሊዞች ጨውን በመንግሥት እጅ አድርገው ግብር ጥለውበት ነበር። ጨው ደግሞ ሂንዱውም ሙስሊሙም፣ ሀብታሙም ድኻውም ይበላዋል። ይህን ሕግ ለመጣስ ጠመንጃ አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃል።

ጋንዲ ሕጉን እንደሚጥሱ ለእንግሊዙ እንደራሴ ለሎርድ ኢርዊን አስቀድመው በደብዳቤ አሳወቁ። ፈሪ ሰው እንዲህ ያደርጋል? መጋቢት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ከሳባርማቲ 78 ተከታዮች ይዘው ተነሡ። የ60 ዓመት ሰው ናቸው፤ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ በእግራቸው ተጉዘው መጋቢት 28 ቀን ዳንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ ጭቃ የተቀላቀለበት ጨው አነሡ። በዚያው ጉዞ መካከል ነው እኛ ዘንድ ንግሥት ዘውዲቱ ያረፉት፤ ልጆቹ ዘመኑን በዚህ ይይዙታል።

የሰላሌዋ፦
ለተማሪዎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አቡነ ጴጥሮስ ፈሪ ነበሩ? የፍቼው ሰው ጠመንጃ አልያዙም። አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተረሸኑ። ይህን የሚያውቅ ልጅ የዳራሳናን ነገር ይረዳዋል። ጋንዲ ከታሰሩ በኋላ፣ ግንቦት 13 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ በሳሮጂኒ ናይዱ መሪነት ሰልፈኞች ወደ ዳራሳና የጨው ማምረቻ በረድፍ በረድፍ ሄዱ። ፖሊሶች ጫፉ ብረት በሆነ ዱላ ራስ ራሳቸውን እየመቱ ጣሏቸው። ዱላውን ለመከላከል እንኳ እጁን ያነሣ አልነበረም፤ አንዱ ረድፍ ሲወድቅ ቀጣዩ ይመጣል። ጋዜጠኛው ዌብ ሚለር ያየውን ጻፈ፤ ዓለም አነበበው።

ግን እባክዎ፣ ባዶ እጅ ሁልጊዜ ያድናል ብለው አያስተምሩ። ደብረ ሊባኖስ ቅርባችን ናት። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የተረሸኑት መነኮሳት ጦር አልያዙም፤ ማንም አልደረሰላቸውም። እንግሊዝ ሕንድን የምትገዛው በሕንዳውያን ወታደሮች፣ ፖሊሶችና ጸሐፊዎች ነበር፤ እነርሱ እምቢ ካሉ አገዛዙ ይቆማል። ፋሺስቶች ግን የመጡት ሕዝቡን በጋዝና በቦምብ ሊያንበረክኩ ነው። አርበኞቻችን ጠመንጃ ያነሡት ከጋንዲ ስላነሱ አይደለም።

መምህር ከደብረ ብርሃን፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። በአቡነ ጴጥሮስ እጀምራለሁ። ሁለታችሁንም አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ያን ያህል ሕዝብ በቁጣ እጁን እንዳያነሣ ማን ያዘው?

የአንኮበር ልጅ፦
ሥርዓቱን ቀድመው አስይዘውት ነበር። በ1914 ዓ.ም. ቻውሪ ቻውራ በምትባል ከተማ የተቆጡ ሰልፈኞች ፖሊስ ጣቢያ አቃጥለው ፖሊሶች ሲሞቱ፣ ጋንዲ አገር አቀፉን ንቅናቄ እንዳለ አስቆሙት። ብዙ ባልደረቦቻቸው ተቆጥተው ነበር፤ እኔም ሳነበው ይከነክነኛል። በጨው ጊዜ ግን ከ60,000 በላይ ሰው ወኅኒ ገባ፤ እንግሊዝ ማሰሪያ ቦታ ጠበባት። በ1923 ዓ.ም. ኢርዊን ከጋንዲ ጋር ቁጭ ብሎ ተስማማ፤ የባሕር ዳር ሰዎች ለቤታቸው የሚሆን ጨው እንዲያወጡ ተፈቀደላቸው። የጨው ግብሩ ግን በዚያ ስምምነት አልተነሣም፤ ይህንንም ይንገሯቸው።