«ሃምሳ ብር ምን አላት?»

የማርቆሱ፦ ትናንት እዚሁ አንዱ «የማርቆስ–አዲስ አበባ አውቶቡስ ጥበቃና ጂፒኤስ ያስፈልገዋል፤ መንግሥት እስኪሰጥ ከምንጠብቅ ተሳፋሪው በትኬቱ ላይ ሃምሳ ብር ይጨምር፣ ሃምሳ ብር ምን አላት?» ብሎ ጽፎ ላይክ ሲለቅም አደረ። እኔ ደግሞ ስናደድ አደርኩ። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ከዚያ ውስጥ ለዚህ መንገድ የሚሆን ጠፍቶ ነው የእናቴ መቀነት የሚፈታው?

ጮቄ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አልሸሽም። በመቀነት አታስለቅሱን። ሰኔ 2016 ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው ሲሄዱ በዚሁ መንገድ ከአባይ ማዶ ገብረ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት ተማሪዎች ተረሱ? ወላጅ ማስለቀቂያ ተጠየቀ። ጂፒኤስ ቢኖር አውቶቡሱ የት እንደቆመ ወዲያው ይታወቅ ነበር። መንግሥት ደግሞ ለግል ባለንብረት ገንዘብ አይሰጥም።

ደጀን በር፦ አይሰጥም? ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ለሕዝብ ማመላለሻ የታለመ የነዳጅ ድጎማ ሲሰጥ የነበረው ማን ነው፣ የሰፈራችን ዕድር?

የድሮ ረዳት፦ «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያልኩ ድምፄን መናኸሪያ የጨረስኩ ሰው ነኝ፣ እስቲ ልናገር። ጂፒኤሱ የት እንደቆመ ይነግርሃል። ማን ሄዶ ያስነሳዋል? ሾፌሩ ራሱ ከጎሃ ጽዮን ወዲያ ሲሆን ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ «ከፊት ያለውን መኪና ጠይቅልኝ» ይለኝ ነበር። ጂፒኤሳችን ከፊት ያለው መኪና ነው።

ጮቄ፦ አያ ረዳት፣ እንግዲያው ምንም አይደረግ?

የድሮ ረዳት፦ እኔ ምን ወጣኝ? ሃምሳዋ እጅህ ከገባች ማን ይይዛታል ነው የምልህ።

ከዲሲ፦ እዚህ አሜሪካ መንግሥት ለአገር አቋራጭ አውቶቡስ ደህንነት በጀት ይመድባል። መስከረም 1994 ቴነሲ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ግሬይሀውንድ የሚባለው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ሾፌር ጉሮሮ በስለት ቆርጦ አውቶቡሱ ተገለበጠ፤ አጥቂውን ጨምሮ ሰባት ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ ለሾፌር መከለያና ለአደጋ ጊዜ መገናኛ ለድርጅቶቹ ገንዘብ ተሰጠ። «ተሳፋሪው ያዋጣ» ብቻ መንገድ አይደለም።

ደጀን በር፦ ወንድማለም፣ የእነሱ አጥቂ ትኬት ቆርጦ የገባ ነው። የእኛ ትኬት አይቆርጥም፣ መንገድ ላይ ድንጋይ ደርድሮ ይጠብቃል። መከለያው ለማን ይሁን፣ ለድንጋዩ?

የማርቆሱ፦ 😂 «ድንጋይ ምን አላት?»

የቢቸና ልጅ፦ እናንተ ትቀልዳላችሁ። ባለፈው እናቴ ድፎ ጋግራ ለመንገድ ሰጠችኝ። ደጀን ስንደርስ ቆርሼ ለጎረቤቴ ላካፍል ስል ከመሃሉ በላስቲክ የተጠቀለለ ሁለት ሺህ ብር ወጣ። ኪሴን ቢፈትሹኝ ዳቦው ይተርፋል ብላ ነው። ሰውዬው አየኝ፣ አየሁት፣ ዳቦውን ዘግቼ ወደ ጉያዬ። ያቺ ሴትዮ ናት እንግዲህ ሃምሳ ብር የምትጨምረው።

ቆሎ ተማሪ፦ ድፎውን ግን ከቢቸና እስከ ደጀን ሳትነካው ደረስክ? የቢቸና ሰው አይደለህም።

የቢቸና ልጅ፦ ወገኛ። ደጀን እኮ ቅርብ ናት፣ የማርቆስ ሰው ይመስል በየኬላው አልቆርስ።

የማርቆሱ፦ ማርቆስን ምን አመጣት?

ጮቄ፦ የሁለት ሺሁን ነገር ሰምቼ አዘንኩ፣ የምሬን ነው። ግን እኮ እኔን ነው የሚደግፈው፤ ሁለት ሺህ ከምትደብቅ ሃምሳ...

ደጀን በር፦ ጨርሰው። ሃምሳ ምን?

የድሮ ረዳት፦ 😂😂

ጮቄ፦ ቢያንስ እኔ ሐሳብ አመጣሁ። እናንተ መንግሥት መንግሥት እያላችሁ አምስት ዓመት ትቀመጣላችሁ።

የማርቆሱ፦ ጥበቃ የመንግሥት ሥራ ካልሆነ የማን ነው፣ የረዳቱ?

የድሮ ረዳት፦ ኧረ እኔን ተዉኝ፣ ባጃጅ ነው አሁን የምነዳው።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ ክርክሩን ላቋርጥ። ነገ ሌሊት 11 ሰዓት ከማርቆስ ልነሳ ነው። መንገዱ ክፍት ነው?

ደጀን በር፦ እስከዚህ እስከ ደጀን ክፍት ነው። ከአባይ ማዶ ያለውን ጠዋት ስትነሳ ደውለህ ጠይቅ።