ያነበብኩት ጠዋት ይጠፋብኛል
የምኖረው ደሴ ነው፤ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለብሔራዊ ፈተናው 7 ሳምንት ቀርቶኛል። ማታ ማታ እስከ 6 ሰዓት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ እየገረፈኝ፣ ጋቢ ተከናንቤ አነባለሁ። ባዮሎጂን ሁለቴ ጨርሻለሁ፤ ደብተሬ በቢጫ ማርከር ተለቅልቋል። ሳነበው ሁሉም ግልጽ ነው። ትናንት ግን ደብተሩን ዘግቼ የማይቶሲስን (የሴል ክፍፍልን) ደረጃዎች ልጽፍ ስል ከመጀመሪያው፣ ከፕሮፌዝ አላለፍኩም!

ጓደኞቼ «ጫት ቃም አድርግ» አሉኝ። ሞከርኩ፤ ሌሊቱን አፍጥጬ አነጋሁ፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ ተኛሁ። እሱ ቀረ።

አሁን ደብተር ዘግቼ ራሴን እየጠየቅኩ ነው። ይሻላል፣ ግን አንድ ምዕራፍ ሦስት ቀን ይፈጃል። ፊዚክስና ሒሳብ ደግሞ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ተከምረው ይጠብቁኛል። በቀረኝ ጊዜ አዲስ ምዕራፍ ማንበቡንና ያነበብኩትን ዘግቶ መከለሱን በሳምንቱ ቀናት እንዴት ላከፋፍለው?