ከወረታ ባሕር ዳር ሩዝ ለሚያመላልስ ሰው የኤሌክትሪክ ጭነት መኪና ያዋጣል?

የፎገራ ጫኝ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ እንጀራዬ ስለሆነ ጉዳዩን ዘርዘር አድርጌ ላስቀምጠው። 50 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ አለኝ። አብዛኛውን ጊዜ ከወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤቶች እየጫንሁ ባሕር ዳር ላሉ ነጋዴዎች አራግፋለሁ፤ በበጋ ደግሞ በመስኖ የሚመረተውን የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም አመላልሳለሁ፤ ስመለስም ለሐሙሲትና ለወረታ ሱቆች ትንሽ ሸቀጥ ይዤ እሄዳለሁ። መንገዱ በአንድ ወገን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አስፋልት ነው። አልፎ አልፎ ጎንደር እወጣለሁ፤ አዲስ አበባ የምሄደው ግን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው።

ያስመረረኝ የናፍጣ ጉዳይ ነው። ማደያ ተሰልፌ በዋልሁ ቁጥር የዚያ ቀን ሥራ ይቀራል፤ ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚሸጠውን ስገዛ ደግሞ ከኪራዩ የሚተርፈኝ ነገር የለም። ሽንኩርት በጆንያ ታጭቆ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ከቆየ ነጋዴው ዋጋ ይሰብራል፣ ኪሳራውንም ከእኔ ሒሳብ ላይ ነው የሚቀንሰው።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን ብርቅ መሆኑ እየቀረ ነው። አሁን አዲስ አበባ የሚኖረው አማቼ፣ 100 ኪሎዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥርበት የኃይል መለኪያ) የሚይዝ ባትሪ ያለው ቻይና ሠራሽ ቀላል ጭነት መኪና እንድገዛ አጥብቆ እየመከረኝ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ በቀን ሁለት ምልልስ ይችላል? ግቢዬ በዘንዘልማ በኩል ነው፤ ያለኝም ተራ የቤት ቆጣሪ ነው፤ በእርሱ ማታ ማታ ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? መብራት የጠፋ ዕለትስ ምን ይደረጋል? በሥራው ያላችሁ ሰዎች የምታውቁትን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።


የጎንደር መስመር፦

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። እኔ የምነዳው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል እንጂ ጭነት መኪና አይደለም፤ ሆኖም የእርስዎን መንገድ አልፌ በአዲስ ዘመን በኩል ጎንደር ስለምመላለስ ስለ ርቀት የማውቀውን ላካፍልዎ።

ሻጩ በሚሰጥዎ ወረቀት ላይ በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ የተጻፈው ቁጥር በቻይና መለኪያ የወጣ ነው። መለኪያው የከተማ ውስጥ ዝግ ያለ አነዳድ ስለሚበዛበት፣ አገር አቋራጭ መንገድ ላይ በሰዓት 80 እና 90 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ያ ቁጥር አይገኝም። እኔ ሁልጊዜ ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው። ለጭነት መኪናማ በምን ፍጥነትና በስንት ኩንታል እንደተለካ ሳይጠይቁ ቁጥሩን አይቀበሉ።

ከርቀቱ ይልቅ ፍጆታውን ቢይዙ ይሻላል። የእኔ ዓይነት አውቶሞቢል ለ100 ኪሎ ሜትር ከ16 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ጭነቱና ራሱ ተደምረው ስምንት ቶን ገደማ ለሚሆን መኪና ግን 50 ብለው ቢያስቡ አይጎዱም። በዚህ ስሌት የእርስዎ የ120 ኪሎ ሜትር ምልልስ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል ማለት ነው። አንድ ምልልስ ያለ ጭንቀት ይሠራሉ፤ ሁለተኛው ግን በመሐል ቻርጅ ካላደረጉ አይሞከርም። አማችዎ ይህንን ነግረውዎት እንደሆነ አላውቅም፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ግን ይኼ ነው።

ስለ ወጪው፣ አይሱዙዎ ተጭኖ ለ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ናፍጣ ቢጠጣ፣ ለአንድ ምልልስ 18 ሊትር ይሆናል፤ ሊትሩ በማደያ ዋጋ እንኳ ከ100 ብር በላይ ስለሆነ ከ1,800 ብር በላይ ነው። በኤሌክትሪክ በኩል ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን አንድ አሥረኛ ጨምረን 66 ኪሎዋት ሰዓት ብንል፣ የአንዱ ዋጋ 10 ብር ነው ብለን ብናጋንን እንኳ 660 ብር ነው። ልዩነቱ በየቀኑ የሚደጋገም በመሆኑ ቀላል አይደለም። በተጨማሪም የባሕር ዳር አየር ለባትሪ ተስማሚ ነው፤ በብርድ አገር ባትሪን የሚያደክመው ውርጭ እዚህ የለም።


የመስመር ሠራተኛ፦

የምኖረው በኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ቆጣሪውን የሚመለከተውን ለእኔ ይተዉልኝ።

ከግድግዳ ሶኬት የሚሠራው ትንሹ ቻርጀር 10 አምፔር ስቦ 2.2 ኪሎዋት ያህል ይሰጣል። 66 ኪሎዋት ሰዓት በዚህ ለመሙላት 30 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለሥራ መኪና ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አደጋም አለው። ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛ ቤት ተጠርቼ ስሄድ፣ ሌሊቱን በሙሉ አውቶሞቢል ሲሞላበት ያደረው ሶኬት ቀዳዳዎቹ ዙሪያ እንደ ተጠበሰ ቡና ጠቁረው፣ ከበስተጀርባው ያለው ገመድ ሽፋኑ ቀልጦ መዳቡ ታይቶ ነበር። ያ መስመር የተዘረጋው ለቴሌቪዥንና ለፍሪጅ በታሰበ ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገመድ ነው፤ እንዲህ ያለው መስመር፣ መጋጠሚያው ከላላ፣ ስምንትና አሥር ሰዓት ያለ ዕረፍት መሳብን አይችልም። አርዝ፣ ማለትም ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ፣ ያልነበረው መሆኑ ደግሞ የባሰ ነው።

በግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 32 አምፔር ቻርጀር 7 ኪሎዋት ይሰጣል። ይህ በአንድ ጊዜ የተጣዱ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች የሚስቡትን ያህል ነው፤ ልዩነቱ ምጣድ በሰዓታት ውስጥ ተጋግሮ ሲነቀል፣ መኪናው ግን እስኪነጋ የሚስብ መሆኑ ነው። 66 ኪሎዋት ሰዓቱን ከዘጠኝ ሰዓት በላይ በሆነ ጊዜ ይሞላል፤ ማለትም ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰኩት ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይደርሳል። ለዚህ የራሱ ብሬከር፣ ቢያንስ ባለ 6 ስኩዌር ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ፣ በሚገባ የተቀበረ አርዝ ያስፈልገዋል። ከሁሉም በፊት ግን የኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ በቆጣሪዎ ላይ ይህንን የኮረንቲ ጭነት መፍቀዱን ያረጋግጡ። በሰፈሩ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት አምፖልዎ የሚደበዝዝ ከሆነ ትራንስፎርመሩ ከወዲሁ ተጨናንቋል ማለት ነውና፣ ቻርጀሩን ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዲጀምር ያስተካክሉታል።

ስለ መብራት መጥፋት የጠየቁት ልብ የሚነካ ጉዳይ ነው። ጢስ ዓባይ አጠገባችን ነው፤ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ውሃውን የሚወስደው ከራሳችን ሐይቅ ነው፤ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። የሚያስቸግረን ከማመንጫው ይልቅ ከማከፋፈያ ጣቢያ ወደ ሰፈር የሚመጣው መስመርና ትራንስፎርመሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ባለ መኪናዎች ሲበዙ የሚጠብቅ ችግር እንጂ የሚላላ አይደለም፣ ከአሁኑ ካልተሠራበት። በአንድ ምልልስ ማግሥት 40 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ቀርቶዎት ሌሊቱን መብራት ከጠፋ፣ ወረታ ያደርስዎታል፤ ጭነት ይዞ ግን አይመልስዎትም። ያ ቀን ይባክናል።

እኔ ብሆን ዓይኔን የምጥለው ወፍጮ ቤቶቹ ላይ ነው። የሩዝ መፈልፈያ የሚሠራው ከተራ የቤት መስመር የበለጠ ኃይል በሚሸከም ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ነው፤ እርስዎ በየቀኑ ቆመው የሚጭኑትም እዚያው ደጃፍ ነው። ከአንዱ ባለ ወፍጮ ጋር ተስማምተው 20 ኪሎዋት የሚሰጥ ቻርጀር በቆጣሪው ላይ ቢያስገጥሙና የፈጁትን ለይቶ የሚለካ ትንሽ ቆጣሪ ቢያኖሩ፣ ኩንታሉ እየተመዘነና እየተጫነ ሁለት ሰዓት ቢቆሙ 40 ኪሎዋት ሰዓት ያገኛሉ። ቤት ከሞሉት 100 ጋር 140 ይሆናል፤ ለሁለት ምልልስ የሚያስፈልግዎት ደግሞ 120 ነው። ወፍጮውና ቻርጀሩ በአንድ ጊዜ መሥራት መቻላቸውን ግን ባለሙያ በቦታው ለክቶ መወሰን አለበት።


የፎገራ ጫኝ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የወፍጮ ቤቱን ነገር ፈጽሞ አላሰብሁትም ነበር፤ የማውቀው ባለ ወፍጮ ስላለ አነጋግረዋለሁ። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። ባትሪው ከባድ ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ ከ50 ኩንታሌ ስንቱን ይወስድብኛል? ሌላው፣ በክረምት ጉማራና ርብ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ወደ እርሻ ማሳ ወርጄ የምጭንበት ጊዜም አለ።


ጣና ዳር ጋራዥ፦

ባለ 100 ኪሎዋት ሰዓት የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ብቻውን ከ600 እስከ 700 ኪሎ ይመዝናል። የናፍጣ ሞተሩ፣ ካምቢዮውና ጋኑ ስለማይኖሩ ከፊሉ ይካካሳል፤ የቀረው ግን ከጭነትዎ ላይ የሚነሳ ነው። መኪናው 50 ኩንታል ይችላል ሲባሉ፣ አካሉ ላይ በተለጠፈው ሰሌዳ የተጻፈውን የጠቅላላ ክብደት ልክ አይተው፣ ባዶውን በሚዛን አስመዝነው፣ ልዩነቱን ራሳችሁ አስሉት። እዚህ አገር ከልክ በላይ መጫን የተለመደ ነው፤ በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ግን ትርፍ ጭነቱ ወዲያውኑ በባትሪው ላይ ስለሚታይ ልማዱ አያዋጣም።

የባትሪውን ዓይነት በተመለከተ ይህ የጠቀስሁት ለእርስዎ ሥራ ይስማማል፤ ከ2,000 ዙር በላይ ሞልቶ መፍሰስን የሚችል በመሆኑ በዓመት 300 ቀን ሙሉ ዙር ቢሠሩበት እንኳ ከስድስት ዓመት በላይ ነው። የባትሪው ሣጥን አይፒ 67 የሚባል የመከላከያ ደረጃ ካለው፣ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ ውሃ አያስገባም ማለት ነው። ይህ ግን ለአዲስና ላልተነካ ሣጥን ነው። ማሳ ውስጥ ድንጋይ ታችኛውን ሽፋን ከገጨው ወይም የማተሚያው ጎማ ከተላቀቀ ደረጃው ዋጋ የለውም። ስለዚህ የቆመ ውሃ ውስጥ አይግቡ፤ የእርሻ ጭነቱን በክረምት በአይሱዙው ቢሠሩት እመርጣለሁ።

ብዙዎች ሳያዩት የሚያልፉት ነገር ደግሞ የመሰኪያው ጉዳይ ነው። ከቻይና ገበያ የመጣ መኪና የሚቀበለው የቻይናን መሰኪያ ነው፤ ከአውሮፓው ጋር አይገጥምም። ከቀላል ጭነት መኪናዎች መካከልም የቤት ተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚቀበል የውስጥ ቻርጀር የሌላቸውና በፈጣኑ ቀጥተኛ ኮረንቲ ብቻ የሚሞሉ አሉ። እንዲህ ያለውን ከገዙ ከላይ የተነገረዎት ባለ 7 ኪሎዋት ቻርጀር አይሠራልዎትም። ዋስትናውንም አዲስ አበባ ያለው አስመጪ ራሱ በጽሑፍ ካልሰጠዎት፣ አምራቹ ለቻይና ገበያ የሰጠው ዋስትና እዚህ ይደርስልኛል ብለው አይተማመኑ።


ነባር ሾፌር፦

የተባለው ሁሉ ደህና ነው፤ እኔ ግን አይሱዙውን ሸጠው እንዳይገዙ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ላይ ከሶኬት የሚሞሉ ከ17 ሚሊዮን በላይ አውቶሞቢሎች ተሸጠዋል፤ መካከለኛና ከባድ የኤሌክትሪክ ጭነት መኪናዎች ግን 90 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ፣ ከእነርሱም ከአምስቱ ከአራት የሚበልጡት እዚያው ቻይና ነው የተሸጡት። ገበያው እያደገ ነው፣ ለእኛ ግን ገና ለጋ ነው። ነገ መሸጥ ቢፈልጉ ያገለገለውን የሚገዛዎት ማን ነው? ዋጋውን ቆርጦ በመያዣነት የሚቀበልዎት ባንክስ ቢሆን?

አዲስ አበባንም ከሐሳብዎ ያውጡት። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን ለመውጣት ዳገቱ ብቻ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ስምንት ቶን አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ለማንሳት፣ የመንገዱና የነፋሱ ሳይቆጠር፣ 22 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ ለ40 ቶን ተሳቢ ደግሞ 109 ነው። ቁልቁለቱ ከፊሉን ይመልሳል፤ በመንገድ ላይ የሚታመኑበት ፈጣን ቻርጀር እስኪኖር ግን ለዚያ መስመር ናፍጣው ይቆይ።


የጎንደር መስመር፦

አይሱዙው ይቆይ በሚለው ከነባር ሾፌር ጋር እስማማለሁ። ይጠብቁ ማለታቸው ከሆነ ግን አልስማማም። የእርስዎ መስመር አጭር ነው፣ በየቀኑ አንድ ነው፣ የሚቆሙበትም ቦታ ይታወቃል፤ ከዚህ የተሻለ ለኤሌክትሪክ የሚመች የጭነት ሥራ በጣና ዙሪያ አላውቅም።


የፎገራ ጫኝ፦

አይሱዙውን አልሸጥም፤ ይህ ተወስኗል። መኪናው የውስጥ ቻርጀር ያለው መሆኑንም አማቼ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። የመስመር ሠራተኛ ወንድሜ፣ ለቆጣሪው ከየት ልጀምር?


የመስመር ሠራተኛ፦

ለመኪናው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ወደ አገልግሎት ማዕከሉ ሄደው የጭነት ማሳደጊያ ማመልከቻ ያስገቡ። በማመልከቻው ላይ «ለመኪና» ብለው ብቻ አይተዉት፤ 7 ኪሎዋት፣ በአንድ ፌዝ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋት ብለው በግልጽ ያስቀምጡ፤ ሌሊት የሚሳብ ጭነት ከምሽቱ የተለየ ስለሆነ ለውሳኔያቸው ይረዳል። ትራንስፎርመሩ በምሽት ምን ያህል እንደተጫነ እንዲለካም ይጠይቁ። ባለ 100 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ከሆነ የእርስዎ 7 ኪሎዋት ብዙም አይከብደውም፤ ከእርሱ ያነሰ ከሆነ ግን ባለ ሦስት ፌዝ መስመር በቅርብ የሚያልፍበትን ምሶሶ ያሳዩዋቸው። ከምሶሶው እስከ ቆጣሪዎ፣ ከቆጣሪዎም መኪናው እስከሚቆምበት ያለውን ርቀት በሜትር ለክተው እዚህ ይጻፉልኝ፤ ከ30 ሜትር ካለፈ ባለ 6ቱ ገመድ አይበቃምና ወደ ባለ 10 እንሄዳለን፣ ዋጋውም በዚያው ይለያል።