የድሪፍት ጥያቄ፦ 22 ዲግሪ ወይስ 24?

ሰላም አብራሪዎች። ለግል አብራሪነት ፈቃድ እየተማርኩ ነው፤ አንድ የናቪጌሽን ልምምድ ላይ ተጣብቄያለሁ።

መሄድ የምፈልገው ትራክ (አውሮፕላኑ ከመሬት አንጻር የሚጓዝበት አቅጣጫ) 180 ዲግሪ፣ ማለትም ቀጥታ ወደ ደቡብ ነው። የአየር ፍጥነቴ (በዙሪያዬ ካለው አየር አንጻር ያለኝ ፍጥነት) 100 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) ነው። ነፋሱ ከ090፣ ከምሥራቅ፣ በ40 ኖት ይመጣል። ለትንሽ አውሮፕላን ከባድ ነፋስ ነው፤ ግን ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። አቅጣጫዎቹ ሁሉ ከእውነተኛው ሰሜን የተለኩ ናቸው፤ የኮምፓስ እርማት ለጊዜው ይቆየን።

መጀመሪያ ሄዲንጉን (አፍንጫው የሚያመለክትበትን አቅጣጫ) 180 አድርጌ የነፋሱን ሦስት ማዕዘን (የአየር ፍጥነቱን፣ ነፋሱንና ትራኩን በቀስቶች የሚያሳየውን ሥዕል) ሳልኩ። ነፋሱ ወደ ቀኝ ገፋኝና ትራኩ 202 ሆነ። ድሪፍቱ (ትራኩ ከሄዲንጉ የራቀበት ማዕዘን) 22 ዲግሪ ወደ ቀኝ ማለት ነው። ያንኑ 22 ወደ ግራ መለስኩና ሄዲንጉን 158 አደረግኩ። እንደገና ስስለው ግን ትራኩ 180 ላይ አይገባም፤ 181 ተኩል ገደማ ይወጣል። በናቪጌሽን ማስሊያው ስሠራው ደግሞ እርማቱ 24 ገደማ፣ ሄዲንጉም 156 ይመጣል።

የማስሊያውን መልስ ገልብጬ ማለፍ እችላለሁ። ግን አየር ላይ ሆኜ በአእምሮዬ መገመት የምችለው ምክንያቱ ሲገባኝ ነው።

ነፋሱ ያው፣ የአየር ፍጥነቱም ያው ሆኖ ሳለ፣ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ ሳዞር ድሪፍቱ ከ22 ወደ 24 የሚያድገው ለምንድን ነው?