በጓደኛችን ስም የእግር እብጠትን የሚታገል ድርጅት ለማቋቋም ምን ያስፈልጋል?

የኤልያስ ልጆች
ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ባለሙያ የነበረ ጓደኛችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ብዙ የደከመው በእግር እብጠት (ዝሆኔ የሚሉት) ለተያዙ ገበሬዎች ነበር። ቤተሰቡ ሙት ዓመቱን በትንሽ ጸበል ጸዲቅ ሊያልፉት ተስማምተዋል፤ እኛ ደግሞ 9 ሆነን 300 ሺህ ብር አዋጥተናል። በስሙ ድርጅት አቋቁመን ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ሁለት ቀበሌ ላይ ጫማ ልናድል አስበናል። የት ነው የምንመዘገበው? ገንዘቡስ ለስንት ሰው ይበቃል?

ደንብና ሥርዓት
ነፍስ ይማር። ሥራችሁ ከክልሉ ካልወጣ አዲስ አበባ ድረስ አትድከሙ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ የውጭ ድርጅቶችን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ የሚሠሩትን ነው። የእናንተን የሚመዘግበው ክልሉ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ያለው የዞኑ ፍትሕ መምሪያ ይመራችኋል።

ኋላ ወደ ሌላ ክልል ከሰፋችሁ በፌዴራሉ አዋጅ ማኅበር ለመሆን ቢያንስ 5 አባል፣ ቦርድ መር (አባላት ሳይሆኑ ቦርድ የሚመራው) ድርጅት ለመሆን 2 መሥራችና ከ5 እስከ 13 የቦርድ አባል ይፈለጋል። የጓደኛሞች ማኅበር ሁለተኛው ዓመት ላይ ይንገዳገዳል፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው አዲስ አበባ ይገባና ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም፣ ሥራ አስኪያጅ መቀየር እንኳ ያቅታል። እኔ ብሆን ቦርድ መሩን እመርጣለሁ። አስተዳደራዊ ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳያልፍም አዋጁ ያስገድዳል።

ዓላማው ላይ «ጫማ ማደል» ብላችሁ አትጻፉ፤ ቅባት ልግዛ ስትሉ ያስራችኋል። «የእግር እብጠትን መከላከልና ማከም» በሉት። በስሙ ለመጠቀም የወራሾቹን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ብሩ በአንድ ሰው የግል ሒሳብ አይቀመጥ፤ ሦስት ፈራሚ ይኑርና ሁለቱ ሲፈርሙ ይውጣ።

ሲስተር ከማርቆስ
ጫማ ብቻ ማደል ላይ አልስማማም። ይህ በሽታ (ፖዶኮኒዮሲስ) ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚመጣው በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የአፈር ቅንጣት በቆዳ አልፎ የሊምፍ መተላለፊያውን ስለሚጎዳ ነው። ላልታመመ ሰው ጫማው ይከላከልለታል። እግሩ ያበጠ ግን መጀመሪያ እጥበት ይፈልጋል።

አካሄዱ ይህ ነው። እግሩ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ የቆዳው እጥፋት ውስጥ ሳይቀር። ቀጥሎ በሳፋ 6 ሊትር ውኃ ላይ 15 ሚሊ ሊትር በረኪና ጠብ አድርጎ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍ ነው። ይህ ልክ ለ5 በመቶ በረኪና ነውና የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቡ፤ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩ እንጂ በዓይን አትገምቱ፣ ሲበዛ ቆዳ ያቃጥላል። ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪና ደግሞ ኃይል የለውም። ከዚያ በጣቶች መሃል ጨርቅ እያስገቡ ማድረቅ ነው፤ እርጥበት ከቀረ ፈንገስ ያበቅላል። ፈንገስ ላለበት የዊትፊልድ ቅባት፣ ለቀረው ቆዳ ቫዝሊን፣ ከዚያ ካልሲና ሽፍን ጫማ። ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ።

ፋሻ ከጣት ተጀምሮ ወደ ጉልበት ይጠቀለላል። እግሩ ግሎ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን ፋሻ አይታሰር፤ እረፍት፣ ማስታገሻና ጤና ጣቢያ ነው። ይህ አያያዝ እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕሙማን ላይ ተፈትኖ፣ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ እንዲህ እግሩን እያጋለ በትኩሳት የሚነሳው አጣዳፊ ሕመም የሚመጣበት ጊዜ ቀንሷል።

ከማስጀመራችሁ በፊት የሥጋ ደዌንና የፋይላሪያን (በትንኝ የሚተላለፍ፣ እግር የሚያሳብጥ ሌላ በሽታ) ጉዳይ ባለሙያ ይለይላችሁ። እባካችሁ ደግሞ ሕሙማንን አደባባይ አሰልፋችሁ ፎቶ አታንሱ። «በዘር ይወርዳል» እየተባለ የልጆቻቸው ጋብቻ ሲፈርስ የኖረ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ክሊኒኩ አይመለሱም።

ጫማ ሰፊው
ኮንጎ ጫማ አትግዙ። ላብ ይይዛል፣ በቀዳዳው አፈር ይገባል። ያበጠ እግር በሱቅ ቁጥር አይገኝም፤ በወረቀት ላይ አስቁማችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አንሱ፣ የእግሩን ጀርባ ዙሪያ በሜትር ለኩ፣ ሁለቱንም እግር ለየብቻ። ልኬቱ ከታጠበና እብጠቱ ትንሽ ከቀነሰ በኋላ ይሁን፣ አለዚያ በሁለት ወር ይሰፋዋል። አንድ ጥንድ ብቻ ከሰጣችሁ ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ይቆጥበዋል፤ እርሻ በባዶ እግሩ ይወርዳል። ሁለት ስጡ፣ አንዱ የሥራ መሆኑን ነግራችሁ።

ደንብና ሥርዓት
የገንዘቡን ጥያቄ ዘለልነው። ለአንድ ሰው በዓመት 24 ሳሙና፣ 12 ቫዝሊን፣ 4 ጥንድ ካልሲ፣ 2 ጫማ፣ በረኪናና ፋሻ ያዙ። የዛሬውን ዋጋ ከማርቆስ ገበያ ጠይቃችሁ ደምሩ፣ በ3 ዓመት አባዙ፣ ለዋጋ ጭማሪ ሩቡን ጨምሩ። 300 ሺሁን ለዚያ ስታካፍሉ የሚወጣው ቁጥር ነው የምትመዘግቡት የሰው ብዛት፤ ትንሽ ነው ብላችሁ አትጨምሩበት። ምዝገባው እስኪያልቅም ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተፈራርማችሁ በጤና ጣቢያው በኩል ጀምሩ።

የኤልያስ ልጆች
እናመሰግናለን። ቅዳሜ ቃለ ጉባኤውን እንይዛለን። ሲስተር፣ የፋሻው አጠቃቀም ላይ የጤና ኤክስቴንሽኖቹን የሚያሠለጥን ሰው ብትጠቁሚን?

ሲስተር ከማርቆስ
በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። በየቀበሌው ሁለት ሁለት ኤክስቴንሽን ይበቃል።