«ተሸክመውት ይዞራሉ»፦ የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሙ ስብከት ያስነሳው ክርክር

የብሎኩ ልጅ፦ ትናንት ማታ ሜዳው ላይ በሞንታርቦ የተሰበከውን የሰማ አለ? ጥምቀት ሁለት ሳምንት ሲቀረው «የእኛ አምላክ ሕያው ነው፣ ይሸከመናል፤ እነሱ ግን ተሸክመውት ይዞራሉ» አለ። ስም አልጠራም። መጥራት ያስፈልጋል እንዴ? ልጄን ላስተኛ ስታገል አራተኛ ፎቅ ድረስ ጥርት ብሎ ነው የገባልኝ።

ጸጋው በዛ፦ ቃሉ እኮ ነው ወንድሜ። ኢሳይያስ 46ን ክፈት። ቤልና ናባው ለደከመ እንስሳ ሸክም ሆነው ይጫናሉ፤ እግዚአብሔር ግን «እስከ ሽበትም ድረስ እሸከማችኋለሁ» ይላል። ሰባኪው ምን ጨመረ?

ወለተ ሚካኤል፦ የጨመረውማ «እነሱ»ን ነው። ለባቢሎን ጣዖት የተነገረውን አምጥተህ ታቦት ላይ ትለጥፋለህ? ሌዋውያን ታቦቱን በትከሻቸው እንዲሸከሙ ያዘዘ ማን ነው? ፍልስጥኤማውያን ማርከው አዛጦን ላይ ጣዖታቸው ዳጎን ቤት ሲያስገቡትስ በግንባሩ የተደፋው ማን ሆነ? 1ኛ ሳሙኤል 5። አቁመውት ሄዱ፣ በማግስቱ ራሱና እጆቹ ተቆርጠው መድረኩ ላይ። መሸከም ጣዖት ካደረገ ሙሴም አለቀለት።

ጸጋው በዛ፦ ያ ታቦት አንድ ነበር እህቴ። ደግሞ የናሱን እባብ ሙሴ የሠራው ታዞ ነው፤ ሲያጥኑለት ግን ሕዝቅያስ ሰባበረው፣ 2ኛ ነገሥት 18፥4። የታዘዘም ነገር ጣዖት ይሆናል። «አፍ አላቸው አይናገሩም»፣ መዝሙር 115።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ 113 ነው።

ጸጋው በዛ፦ 115!

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ዳዊት የደገመ ሰው 113 ይላል፤ የግዕዙ ቁጥር ነው። ለማንኛውም ለሥዕሉም ለታቦቱም የምንሰግደው የአክብሮት ስግደት ነው፣ የአምልኮ አይደለም። አብርሃም ለኬጢ ልጆች ሰግዷል፣ ዘፍጥረት 23። ጣዖት አመለከ በለኛ፣ ልስማህ።

ሐያት፦ እኛ ቤት ሥዕልም የለም፣ እንቅልፍም የለም። ሁለታችሁም ሞንታርቦውን ቀንሱልን።

የብሎኩ ልጅ፦ ሐያትዬ፣ የሌሊት 11 ሰዓቱ አዛንስ?

ሐያት፦ እሱ አምስት ደቂቃ ነው!! የእናንተ እስኪነጋ።

ብሎክ 9፦ ስለ መሸከም ከተነሳ፣ ውኃ ከጠፋ አሥር ቀን ሆነን። ጄሪካን ይዤ አራተኛ ፎቅ ስወጣ የተሸከመኝ የለም።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ ይኼ ጠብ ከኮንዶሚኒየሙ በፊት ነበር። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም ብለው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ እጅ ያዩትን አበሳ አንብቡ።

ጸጋው በዛ፦ ይኸው! ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ከጥንትም የእኛ ሰዎች ነበሩ።

ወለተ ሚካኤል፦ የናንተ?! መነኮሳት እኮ ናቸው። ገዳማቸው ጉንዳጉንዶ የማን ሆነና? የሚጾም፣ የሚቆርብ ፕሮቴስታንት ካገኘህ አምጣልኝ።

ጡረተኛው፦ እኔ የማንም ናቸው አላልኩም።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ቆላስይስ 3፥5 መጎምጀትን ጣዖት ማምለክ ይለዋል። ትናንት የባንክ ሒሳብ ቁጥር ሦስቴ የተነበበው ለየትኛው አምላክ ነው?

ጸጋው በዛ፦ አስፋልት ዳር ጥላ ዘርግቶ «ለሕንፃ ማሠሪያ» የሚለውስ?

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ጥላው ሒሳብ ቁጥር አያነብም።

ጸጋው በዛ፦ አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም። ሕያው ከሆነ ለምን ትሸከሙታላችሁ?

ወለተ ሚካኤል፦ ስለ ዳጎን መልስና እመልስልሃለሁ።

ጸጋው በዛ፦ ስለ ናሱ እባብ ቀድመሽ።

ብሎክ 9፦ ውኃ መጣች! አንደኛ ፎቅ ብቻ ነው ግን።