ለህፃን ልጅ ሙዝ ወይስ ስኳር ድንች? የቱ ይሻላል

የኮምቦልቻዋ እናት፦
ሰላም ናችሁ ያገሬ ልጆች፣ ልጄ 8 ወር ሞልቶታል፣ ምግብ ካስጀመርኩት ወዲህ ሙዝ በጣም ነው የሚወደው ደፍጥጬ ስሰጠው ማንኪያውን እየነጠቀኝ ነው የሚበላው። አማቴ ሰሞኑን ሀርቡ ደርሰው ሲመለሱ ስኳር ድንች ይዘውልኝ መጡና "ሙዝ ውሃ ነው ምን ጉልበት አለው፣ ለልጅ ይሄን ነው ቀቅሎ ማብላት" አሉኝ፣ እኔ ደሞ ስኳር ይበዛበታል ሆዱን ይነፋዋል ብዬ ፈርቼ ማድቤት ጥግ እንደተቀመጠ ነው፣ እሳቸውንም ማስከፋት አልፈለኩም። በአላህ ሁለቱን በንጥረ ነገር የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፣ የቱን ላብዛለት?

ጦሳ ስር፦
አብሽሪ እህቴ። ጤና ጣቢያ ህፃናት ክፍል ነው የምሰራው፣ ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። በጉልበት ብዙም አይበላለጡም፣ 100 ግራም ሙዝ 89 ካሎሪ አካባቢ አለው የተቀቀለ ስኳር ድንች ደሞ 76 አካባቢ፣ ስለዚህ ሙዝ ውሃ ነው የሚባለው ልክ አይደለም። የፈራሽው ስኳርም እንደውም የሚበዛው ሙዙ ላይ ነው፣ 12 ግራም ገደማ ነው፣ የተቀቀለው ስኳር ድንች ግን 6 አይሞላም አብዛኛው ስታርች ነው። ፖታሺየምም ሙዝ ይበልጣል፣ 358 ሚሊ ግራም አለው ያኛው 230። ቫይታሚን ኤ ላይ ስትመጪ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፣ ብርቱካንማው ስኳር ድንች ተቀቅሎ በ100 ግራም 787 ማይክሮግራም አለው ሙዝ 3 ብቻ!! ላንቺ ልጅ እድሜ በቀን የሚመከረው 500 አካባቢ ስለሆነ 70 ግራም ያህል ቢበላ ሞላለት ማለት ነው። አይኑን ከዳፍንት የሚጠብቀው፣ በሽታ እንዲቋቋም የሚረዳውም እሱ ነው። ያመጡልሽን ቆርጠሽ አይተሽዋል? ውስጡ ምን ይመስላል?

የኮምቦልቻዋ እናት፦
አሁን ሄጄ ቆረጥኩት፣ ልጣጩ ቀይ ነው ውስጡ ግን ነጭ፣ ወደ ቢጫም አይሄድም። ዋጋ የለውም ማለት ነው?

የመርሳ ገበሬ፦
ዋጋማ አለው እህቴ ጉልበት ይሰጣል፣ ቫይታሚን ኤ ግን ከሱ አትጠብቂ። ብርቱካንማ የሚያደርገው ቤታ ካሮቲን ነው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው እሱን ነው፣ ነጩ ላይ የለም ማለት ይቻላል። በልጣጩ ቀለም ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ስትገዢ ጫፉን ቀንጠብ አርገሽ ውስጡን እይው። ደሞ ነጩ ሲቀቀል ደረቅ ብሎ ይፈረፈራል ልጅ ጉሮሮ ላይ ይይዛል ስለዚህ በጡት ወተትሽ አለስልሺው፣ ብርቱካንማው ግን ውሃ ስለሚይዝ ራሱ ለስለስ ይላል ለልጅ አፍ ይመቻል። ጓሮ ካለሽ የሚተከለው ሀረጉ ነው፣ ቱላ ካቦዴ የሚባሉ ብርቱካንማ ዝርያዎች አሉ፣ የወረዳሽን ግብርና ወይ ሲሪንቃ ምርምር ማዕከልን ጠይቂ። እስከዛው ማንጎ አለልሽ፣ ከብርቱካንማው ስኳር ድንች ጋር ባይወዳደርም በ100 ግራም 54 ማይክሮግራም አለው፣ ከሙዝ በብዙ ይሻላል፣ ቫይታሚን ሲውም 36 ሚሊ ግራም ነው።

የሀይቅ ዳር፦
ልጄ ቅባት እንዳትረሺ። ብርቱካንማውንም ማንጎውንም ስትሰጪው ትንሽ ቅቤ ወይ ዘይት ጠብ አርጊበት፣ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ሰውነት በደንብ አይወስደውም።

ጦሳ ስር፦
የሀይቋ እናታችን ልክ ናቸው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን አይረን ነው፣ በዚህ እድሜ በቀን 11 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፣ ሙዙም ስኳር ድንቹም በ100 ግራም 1 እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ የቱን ላብዛ ከማለት ጠዋት ሙዙን ስጪው፣ ምሳው ላይ ስኳር ድንቹን ከተፈጨ ምስር ጋር አዋህጂለት፣ የእንቁላል አስኳል ጨምሪበት፣ ስጋ ሲገኝ ደሞ በጣም አድቅቀሽ። ደሞ ከ6 ወር ጀምሮ በየ6 ወሩ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ እንክብል ወስዷል? ካልወሰደ ነገ ዛሬ ሳትይ ጤና ኬላ ውሰጂው።